ልዕልቷ ነርስ



በአዲስ አበባ ታክሲ ለመሳፈር የቆመ ሰው፣ ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያለ የሚጣራውን ረዳት ሳይሰማ አይቀርም። በዚያ ሰፈር ያለውን ትልቅ ሆስፒታልም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ይህ ሆስፒታል ሲከፈት ስሙ ሌላ እንደ ነበረ የሚያውቀው ከእኛ ዕድሜ ጥቂት ነው። ሴት አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ፀሐይ ሐኪም ቤት ነበር የሚሉት። እኔም ልጅ ሳለሁ ስለምትወጣውና ስለምትጠልቀው ፀሐይ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቅና ሳነብ ግን ፀሐይ የሰው ስም፣ ያውም በሃያ ሁለት ዓመታቸው ያረፉ የአንዲት ነርስ ስም መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ የእኚህን ነርስ ታሪክና ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን ባጭሩ አቀርብላችኋለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ልዕልት ፀሐይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ።

የተወለዱበት ጊዜ አገሪቱ ከከባድ መቅሠፍት ገና ያገገመችበት ነበር። ከመወለዳቸው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ኃይለኛ ጉንፋን አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። አባታቸው ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱም በበሽታው የሞቱ ነበሩ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ ያንን ዘመን የሚያስታውስ መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

በዚያ ወቅት በዋና ከተማው የምኒልክ ሆስፒታል ነበረ። ቆየት ብሎም ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳ የተባለውን፣ ዛሬ የካቲት 12 የምንለውን ሆስፒታል አሠሩ። በየጠቅላይ ግዛቱም ሚስዮናውያን የከፈቷቸው ጥቂት ሐኪም ቤቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆማ ሌሊቱን የምታነጋ፣ ለዚህ ሥራ ተምራ የተመረቀች ኢትዮጵያዊት ነርስ አልነበረችም ለማለት ይቻላል። የታመመውን የሚያስታምመው ዘመዱ ነው። የተሰበረውን ወጌሻ ያሻል። ወላዷን የምትረዳ በልምድ ያወቀች የሰፈር አዋላጅ ናት። እነዚህ ሁሉ ለወገናቸው የሚችሉትን አድርገዋል፤ ውለታቸውም አይረሳም። ሆኖም ደም ሲፈስ፣ ምጥ ሦስትና አራት ቀን ሲቆይ፣ ከእነርሱ ዐቅም በላይ ይሆን ነበር።

ሞት ቤተ መንግሥትንም አይፈራም። የልዕልት ፀሐይ ታላቅ እህት ልዕልት ዘነበወርቅ በልጅነታቸው ተድረው ወደ ትግራይ ሄዱ፤ በ1926 ዓ.ም.ም መቀሌ ሳሉ ገና በወጣትነታቸው አረፉ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የምንለው ሰፈር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ሆስፒታል አማካይነት ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ልዕልት ፀሐይ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እህትን በዚያ ዕድሜ ማጣት በልብ ውስጥ ምን ትቶ እንደሚያልፍ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነት መጣ። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ሴቶችም በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ማኅበር አቁመው ፋሻ መጠቅለል፣ ልብስ መስፋትና ለወታደሩ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ማኅበር ግንባር ቀደም ሠራተኛ ነበሩ። ጠላት የመርዝ ጋዝ መርጨት ሲጀምርም የማኅበሩ ሴቶች ለወታደሩ የጋዝ መከላከያ ጭንብል በእጃቸው ይሰፉ ነበር። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። በታኅሣሥ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር መልካ ዲዳ ላይ፣ በኋላም የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር ኮረም አጠገብ ቦምብ ወረደባቸው። የቆሰለውን የሚያክም ሰው ራሱ ተገደለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልዕልት ፀሐይ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት ማብቂያ ለንደን ሲገቡ ልዕልት ፀሐይ አብረዋቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ በደንብ ያውቁ ስለ ነበረ ለአባታቸው አስተርጓሚ ሆኑ። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩትም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የዘመናዊ ሕክምና ዶክተር አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንደ ነበሩ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

አንባብያን ሆይ፤ እስቲ በዚህ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። አንዲት የንጉሥ ልጅ አገሯን በጠላት ተነጥቃ በባዕድ አገር ስትቀመጥ ምን ታደርጋለች? እንግዳ እየተቀበሉ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እየተነጋገሩ የስደቱን ዘመን ማሳለፍ ይቻል ነበር። ይህንንም ቢያደርጉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው ዓመት ክረምት ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወደሚባለው የለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ሄደው ተለማማጅ ነርስ ሆኑ።

ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው። በዚያ ዘመን ነርስ የምትሠለጥነው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በጉልበቷ ጭምር ነበር። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ተለማማጇ አልጋ ታነጥፋለች፣ የሕመምተኛውን መጸዳጃ ዕቃ ታጥባለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ የልብ ምት ትቆጥራለች፣ ሕፃኑን ታበላለች፣ የሌሊት ተራዋ ሲደርስ ሳትተኛ ታነጋለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ትምህርት ቀርባ ማስታወሻ ትይዛለች፤ ፈተናም ትቀመጣለች። እንዲህ ያለው ሥርዓት የተጀመረው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ማስታመም እንደ ተራ የቤት ሥራ ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተምረው የሚይዙት፣ ለሌላውም የሚያስተምሩት ሙያ ሆነ።

በቤተ መንግሥት ያደጉ፣ ደንገጡርና አሽከር የሚያገለግላቸው ወጣት የማያውቁትን ሕፃን ገላ ማጠብ ጀመሩ። በአገራችን ልማድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ዕለት በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ እናስባለን፤ ነገር ግን የታመመ ሰው ገላ ማጠብን ለዝቅተኛ ሠራተኛ የምንተው ስንት ነን?

ትምህርቱ ላይ ሳሉ ከአገር የሚደርሰው ወሬ ልብ የሚሰብር ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው እልቂት ብዙ ሺህ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ከዚያም የተማሩ ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ፤ ከእነዚህ መካከል የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ይገኙበታል። ኢትዮጵያ በብዙ ድካም ያስተማረቻቸው ጥቂት ልጆቿ አለቁ ማለት ነው። እንግዲህ ነፃነት ሲመለስ አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ ከየት ይመጣሉ? በስደት ላይ ለነበሩት ሁሉ ጥያቄው ይህ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ሦስቱን ዓመት ጨርሰው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በሳምንቱ ገደማ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸውም ሥልጠናቸውን ለመቀጠል ጋይስ ወደሚባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ከሌሊት በሚደበድቡበት ዘመን፣ የአገራቸውን መደብደብ ያዩት ልዕልት የእንግሊዝን ሕዝብ ቁስል ያስታምሙ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰባቸውም በዚያው በአውሮፓውያኑ ዓመት ተከትሎ ተመለሰ። ልዕልት ፀሐይ አገራቸው እንደ ገቡ ሙያቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አላስቀመጡትም። ወደ ደሴ ሄደው በሆስፒታል ሠሩ። በጦርነቱ መጀመሪያ በቦምብ የተመታችው ያች ደሴ አሁን የተማረች ነርስ አገኘች።

እዚህ ላይ ከለንደን መጥታ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የምትጀምር ነርስ ምን እንደሚገጥማት እናስብ። በለንደን ቧንቧው ሲከፈት ሙቅ ውኃ ይወርዳል፤ መርፌውና መቀሱ በማሽን ተቀቅሎ ይመጣል፤ በየክፍሉ ልምድ ያላት አለቃ አለች፤ ሐኪሙ ቢፈለግ በደቂቃ ይደርሳል። በአገራችን የገጠር ሐኪም ቤት ግን ውኃው ከወንዝ በእንስራ ይመጣል፤ መቀቀያው ድስትና ፕሪመስ ነው፤ ሐኪሙ ቢኖር እንኳ ለብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ አንድ ነው። በሽታውም ሌላ ነው። የለንደን መጽሐፍ ስለ ወባ፣ በቅማል ስለሚተላለፈው ግርሻና ተስቦ፣ ስለ ሥጋ ደዌ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የምትሠራ ነርስ ሁለት ጊዜ መማር አለባት፤ መጀመሪያ ሙያውን፣ ቀጥሎ ያንኑ ሙያ ዕቃ በሌለበት እንዴት እንደምትሠራበት።

በሙቅና በቆላ አገሮች ያሉ የነርስ ትምህርት ቤቶች ይህን ከብዙ ዘመን ልምድ ተምረዋል። ነርሷ ልብስ በፈላ ውኃ ቀቅላ ቅማሉን ስትገድል ተስቦን ከነምንጩ ማድረቋ ነው። ያቆረ ውኃ ስታስደፍንና አጎበር ስታሰቅል ወባን መዋጋቷ ነው። የሕፃኑ እትብት በንጹሕ ምላጭ እንዲቆረጥ፣ በንጹሕ ክር እንዲታሰር፣ አመድም ሆነ እበት እንዳይቀባ ስታስተምር ሕፃኑን ከመንጋጋ ቆልፍ ማዳኗ ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያወቀች፣ የምትታመንና የሕዝቡን ቋንቋ የምትናገር ሴት ወይም ወንድ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል፤ የአገሩ ልጅ ግን ይቀራል።

ልዕልት ፀሐይ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሆስፒታል እንዲቆም፣ ነርሶችም በአገራቸው እንዲሠለጥኑ ይመኙ ነበር። አንድ ነርስ፣ ልዕልት ብትሆንም፣ ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው። አሥር ነርሶች ካስተማረች ግን ሃያ እጆች ይሆናሉ። ይህን ምኞት ለመፈጸም የቀራቸው ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ልጅ አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ስለ ተሾሙ አብረው ወደ ነቀምት ሄዱ። ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወቅቱም ክረምት ነበር። ያን ጊዜ በክረምት ያ መንገድ ምን ይመስል እንደ ነበር ከአባቶቻችን መጠየቅ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ነቀምት ሳሉ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. አረፉ። ካገቡ አራት ወር አልሞላቸውም ነበር፤ ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውንም ለመድፈን ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ ዳግማዊ ምኒልክ በተቀበሩበት በበኣታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን ነገር ልብ በሉት። ስለ ሕፃናት ሦስት ዓመት ሙሉ የተማሩት፣ የማያውቋቸውን የሰው አገር ልጆች ያዳኑት፣ ራሳቸው እናት ሳይሆኑ ሞቱ። የንጉሥ ልጅ መሆናቸው ከሞት አላስጣላቸውም። እውቀታቸውም አላዳናቸውም፤ ምክንያቱም ነርስ ራሷን ማስታመም አትችልም፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልጋት በአጠገቧ ያለች ሌላ የሠለጠነች ሰው ናት። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት አንዲት ወላድ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ቢፈሳት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሩቅ ከተማ ሐኪም አይደርስም። ሊደርስ የሚችለው እዚያው ያለ ሰው ነው። እንግዲህ በቤተ መንግሥት ያደጉት እንዲህ ከሆኑ፣ በየገጠሩ ጎጆ ውስጥ ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉት እናቶች ስንት ይሆኑ?

የልዕልት ፀሐይ ሞት ግን ፍሬ አልባ ሆኖ አልቀረም። በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክረስት የሚባሉ ሴት ነበሩ። እኚህ ሴት በወጣትነታቸው ለአገራቸው ሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው የታሰሩ ሲሆኑ፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ማውጣት የጀመሩ ናቸው። ልዕልቲቱ ሲሞቱ ሐዘናቸውን በሥራ ለመግለጽ ተነሡ። በእንግሊዝ አገር ኮሚቴ ተቋቁሞ ገንዘብ ተሰበሰበ። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሲልቪያ ፓንክረስትም መጥተው ይህን አዩ። በኋላም ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ጠቅልለው ኢትዮጵያ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያርፉም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ሆስፒታሉ ማከሚያ ብቻ አልነበረም፤ ነርሶች የሚሠለጥኑበትም ቦታ ሆነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ይከፈቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በቀድሞው ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ተጀምሮ ነበር። በነቀምትም፣ ልዕልት ፀሐይ በሞቱባት ከተማ፣ ነርሶች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ይህ ኮሌጅ በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው ሐዘን በኋላ የተቋቋመ ነው። ተማሪዎቹ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆነው አንድ ላይ እንዲሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። ሥራቸውን የሚማሩትም በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ብቻ ሳይሆን በገበያው፣ በምንጩና በየጎጆው ነው። ከላይ ሁለተኛው ትምህርት ያልኩት ይህን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ሐኪም ባልና ሚስት ወደ አዲስ አበባ መጡ። የተጠሩት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር። በእርግዝና ሳሉ በሞቱ ሴት ስም በተጠራ ሆስፒታል ውስጥ አዋላጆች ሊሠለጥኑ ነው። ነገሩ ግን አልቀናም፤ አሥር ያህል አዋላጆች እንደ ተመረቁ በገንዘብ እጦት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ሐምሊኖች ግን አልሄዱም። ምጥ ለቀናት ይዟቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ገላቸው ተጎድቶ ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው፣ በዚህም ከባልና ከጎረቤት የተገለሉ ሴቶችን በዚያ ሆስፒታል አገኙ። እነዚህን ፌስቱላ የያዛቸውን እናቶች ማከም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974ም የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። የዳኑት ሴቶች ራሳቸው ነጭ ልብስ ለብሰው አዲስ የሚመጡትን ያስታምሙ ጀመር። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ በወጣትነታቸው ታመው መጡ፤ ሲድኑ አልጋ ማንጠፍ፣ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ፤ በዓይናቸው እያዩ በእጃቸው እየተለማመዱ በመጨረሻ ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሸልሟቸዋል። የሚያስተምር ሰው ከተገኘ የገበሬ ልጅ ምን መድረስ እንደምትችል ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ተዘግቶ የቀረው የአዋላጆች ትምህርት ቤት አሳብም አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን አስተምሮ፣ ሲመረቁ በየገጠሩ ወዳሉት እናቶች ይልካቸዋል። ካትሪን ሐምሊን ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ2020 አረፉ።

የታላቅ እህታቸው ስም የሚጠራበትም ቦታ እንዲሁ የትምህርት ቦታ ሆኗል። በዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ስለ ሥጋ ደዌ የሚማሩበት ማዕከል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በአገራችን አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መሆን ጀመሩ። ከሠላሳ ሺህ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ሠልጥነዋል። ልዕልት ፀሐይ ብቻቸውን ከለንደን ያመጡት ሙያ፣ መልኩን ለውጦና ወደ ሕዝቡ ወርዶ፣ በየጎጆው በር ደረሰ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለወጠ። ስም መለወጡ ብዙ አያሳዝነኝም፤ በዚያ ያለችው ነርስ ዛሬም ሌሊቱን ታነጋለችና። የሚያሳዝነኝ ታሪኩን ሳናውቅ ብንቀር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኛ ወጣቶች ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ማስታመም የትንሽ ሰው ሥራ አይደለም። ከመካከላችን ነጥቡ ለሕክምና ዶክተርነት ስላልደረሰ ብቻ ነርስ ሆንኩ እያለ የሚያዝን ቢኖር፣ የንጉሥ ልጅ ማንም ሳያስገድዳቸው የመረጡት ሙያ መሆኑን ያስታውስ። ሁለተኛ፣ ያወቅነውን ለሌላው ማሳወቅ አለብን። ልዕልት ፀሐይ የያዙት እውቀት ለሰው ሁሉ ሳይዳረስ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ተቀጩ፤ በስማቸው የተማሩት ግን ሌሎችን አስተማሩ፤ እነዚያም ዛሬ ሌሎችን ያስተምራሉ። ሦስተኛ፣ ሁሉ ነገር እስኪሟላ አንጠብቅ። የፈላ ውኃ፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የታጠበ እጅ፣ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የላከች ጎረቤት፣ እነዚህ በእያንዳንዳችን መንደር ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

በመንደራችን ነፍሰ ጡር ስናይ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብለን እንመርቃለን። መልካም ምርቃት ነው፤ አይቅርብን። ነገር ግን ምርቃቱን ከተናገርን በኋላ፣ ምጡ ሲመጣ በአጠገቧ የተማረች አዋላጅ መኖሯን እንጠይቅ። ከሌለች ደግሞ ከእኛ መካከል ማን ተምራ እንደምትመጣ እንነጋገር። ልዕልት ፀሐይ በነቀምት በዚያች የነሐሴ ቀን ያስፈለገቻቸው እንዲህ ያለች ሰው ነበረች።

የእናቶቻችንን ምጥ ያቅልልልን። አሜን።